ቅመም ሲፈጭ ማን ያተርፋል?

ከወግዲ ጉልት እስከ መርካቶ፤ የቅመም ገበያ በጥሬውና በዱቄቱ መካከል

በወግዲ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ሴቶች ጆንያ አንጥፈው ነጭ አዝሙዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ድንብላሉንና አብሹን ለየብቻ ከምረው ይቀመጣሉ። መለኪያቸው ስኒና ጣሳ ነው። ኮረሪማው ግን በፍሬ እየተቆጠረ ይሸጣል። ገዢዋ የመቀነቷን ቋጠሮ ከመፍታቷ በፊት ነጭ አዝሙዱን በመዳፏ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ጥቁር አዝሙዱን ቆንጠር አድርጋ በጥርሷ ትሰብራለች። ከኮረሪማው አንዱን ፈልፍላ ውስጡ የሻገተ መሆን አለመሆኑን ታያለች። ዛላ በርበሬውንም ታነሳና ትነቀንቀዋለች፤ ፍሬው ካልተንኳኳ ገና አልደረቀም ማለት ነው፣ ዋጋ ይቀነሳል ወይም ሌላ ሻጭ ዘንድ ይኬዳል።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሥራው ግን በላኪዎች መጋዘን ደመወዝ ተከፍሎት የጥራት ተቆጣጣሪ ከሚሠራው የተለየ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ መደርደሪያ የምታነሳ ሸማች ይህ ዕድል የላትም። የምታየው ቀለሙን ነው። ቀለም ደግሞ በቅመም ገበያ ውስጥ በቀላሉ የሚዋሽ ነገር ነው። ቅመም ከጥሬነት ወደ ዱቄት ሲለወጥ ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው የወፍጮ፣ የጉልበትና የጊዜ ክፍያ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ እውነትም ነው። ከጭማሪው አንዱ ክፍል ግን የእምነት ክፍያ ነው። ገዢዋ ራሷ ማየት ያልቻለችውን ነጋዴው አይቶልኛል ብላ የምትከፍለው ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ የተሰማራ ወይም ሊሰማራ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊያሰላው የሚገባውም ይህንኑ ክፍያ ነው።

ሩቅ አገር የሚያድር ወጥ

ወግዲ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከመካነ ሰላም ባሻገር፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ የሚሄድበት ወረዳ ነው። ከደሴ የሚነሳ ጭነት አቀስታንና መካነ ሰላምን አልፎ ነው የሚደርሰው። በዚህ ሁሉ ርቀት ላይ ያለች አንዲት ወጥ ቤት ግን የኢትዮጵያን አራት ማዕዘን በድስቷ ታገናኛለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጤና አዳምና በሶብላ ከጓሮ ይቀጠፋሉ። አብሹና ድንብላሉ ከአካባቢው ገበሬ ይገኛሉ። ጦስኙ ከደጋው ሜዳ በራሱ በቅሎ ተሰብስቦ ይመጣል። ከዚህ ውጭ ያለው መንገደኛ ነው። ኮረሪማና ጥምዝ ከካፋና ከአካባቢው ጫካ፣ እርድ ከቴፒ ወገን፣ በርበሬ ከምዕራብ ጎጃም ወይም ከማረቆና ከሀላባ ይመጣሉ። ቅርንፉድና ቀረፋ ደግሞ ባሕር ተሻግረው የሚገቡ ናቸው። አንድ የካፋ ኮረሪማ ወግዲ ጉልት ላይ እስኪቆጠር ድረስ ከሰብሳቢው ወደ ጅማ ነጋዴ፣ ከዚያ ወደ መርካቶ ጅምላ አከፋፋይ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ሲሸጋገር አምስት ወይም ስድስት እጅ ይነካዋል። ደላላው ሳይቆጠር ነው።

ኮረሪማ ይህን ጉዞ የሚችለው ቅርፊቱ ስለሚጠብቀው ነው። መዓዛው የሚገኘው በቀላሉ ከሚተን ዘይት ነው፤ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ እያለ ዘይቱ ለወራት ይቆያል። ተፈልፍሎ ከተፈጨ በኋላ ግን በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል። ለነጋዴው ቅርፊቱ ክብደት ነው፣ የጭነት ወጪ ነው፣ ከረጢትም ይሞላል። ስለዚህ ፈልፍሎ መጫን የሚያዋጣ ይመስላል። ይህን የሞከሩ ሰዎች ያተረፉትን የጭነት ሒሳብ መዳረሻው ላይ በዋጋ ቅናሽ መልሰው ሲከፍሉት ይታያሉ፤ ባለሙያዋ ቅርፊት የሌለውን ኮረሪማ ስትገዛ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ የተፈለፈለ ነው?» የሚል ነውና።

የቅመም ንግድ ሁልጊዜ በመንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2004 ዓ.ም የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በደቡብ አካባቢዎች ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ ዝንጅብል ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ውድ ዕቃ ሆነ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ደግሞ መንገዶች በተዘጉ ቁጥር ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ የሚሄድ ጭነት ቆሟል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጥሬ ቅመም የያዘ ነጋዴ ጠብቆ ይሸጣል። ዱቄት የያዘው ግን በየሳምንቱ መዓዛ ሲቀንስበት፣ በየወሩ ዋጋ ሲወርድበት ይከርማል።

ባለሙያዋ የምታውቀው ሒሳብ

ወጥ ቤት ውስጥ ቅመም በአንድ ጊዜ አይገባም። ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉም ከላይ ከተነገረው የመዓዛ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

በርበሬ ሲዘጋጅ ዛላው ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በሙቀጫ ይደቀሳል። በድቁሱ ላይ እርጥብ የሆኑት ይገባሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጤና አዳም። ድብልቁ ተሸፍኖ ጥቂት ቀናት ይታፈናል፤ እርስ በርሱ የሚዋሃደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደረቆቹ ቅመሞች፣ ማለትም ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ድንብላሉና አብሹ፣ ለየብቻ ለዘብ ባለ እሳት ታምሰው የሚቀላቀሉት ወደ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ሲል ነው። ጨውም ተቆልቶ አብሮ ይገባል። ለየብቻ የሚታመሱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድንብላል እስኪታመስ አብሹ ያራል፣ ያረረ አብሽም አንድ ኩንታል በርበሬ ያመርራል። የአብሽ መጠን የቤተሰብ ምሥጢር ሆኖ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውም በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

ድስቱ ላይም እንዲሁ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌቱ እስኪወጣለት ይበስላል፣ በርበሬው ይገባና ጠብ ጠብ እያለ በሚጨመር ውሃ ረጋ ብሎ ይሠራል። በርበሬ ጊዜ ይፈልጋል። መከለሻው ግን የሚነሰነሰው ወጡ ሊወርድ ሲል ነው። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ከመጀመሪያው ቢገቡ መዓዛቸው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይደርሳል፤ እንግዳው ሲቀርብለት ግን ወጡ ውስጥ አይገኝም። ቅቤ ሲነጠርም ቅመሙ ከአረፋው መውጣት በኋላ ገብቶ በቀስታ እንዲቀስም ይደረጋል እንጂ በኃይለኛ እሳት አይጠበስም።

ወሎ ላይ ከዚህ ሌላ ድልህ አለ፤ በርበሬው ከቅመሙ ጋር እርጥብ ሆኖ ተፈጭቶ የሚቀመጥ። የጾም ወቅት ሲሆን ሽሮ ይገዛል። ሽሮው ውስጥ የሚገባው በሶብላ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ቅቤና ሥጋ የጎደለውን ድስት የሚያካክስ ነውና ባለሙያ በጾም ቅመም ላይ አትቆጥብም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያው አካባቢ የሚኖረው ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በረመዳን ለሾርባና ለሳምቡሳ ቅመም ይፈልጋል። ለነጋዴው ሁለት ዓይነት የሃይማኖት አቆጣጠር ያለበት ገበያ ማለት ነው፤ የረመዳን ወር ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየተጓዘ ከሁዳዴ ጋር ሲገጣጠም የጥቁር አዝሙድና የዝንጅብል ፍላጎት አንድ ላይ ይነሳል።

መጋዘኑ ከቤት ወደ ሱቅ ሲዛወር

ቀደም ባለው ጊዜ የከተማ እማወራም ሆነች የገጠር እማወራ የዓመት በርበሬዋን የምትገዛው አዲሱ ምርት በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነበር። ዋጋ ዝቅ ይላል፣ ፀሐይም አለ። በገንዘብ ቋንቋ ሲነገር የአገሪቱ የበርበሬ ክምችት በየቤቱ በእንስራና በጣሳ ተከፋፍሎ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ወለድ የማይከፈልበት፣ የመጋዘን ኪራይ የሌለው ክምችት ነበር። የዋጋ መናርም ቢመጣ በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡን ብዙ አይነካውም ነበር።

ይህ ልማድ በብዙ የከተማ ቤቶች ተለውጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ መገንባት የጀመረው ኮንዶሚኒየም በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚታመስ በርበሬ ምን ያህል ጎረቤት እንደሚያስነጥስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለቱም ባልና ሚስት ሠራተኞች በሆኑበት ቤት አሥር ቀን የሚፈጅ የበርበሬ ሥራ የሚታሰብ አይደለም። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብም የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ የለውም። በመሆኑም ገዢው በኪሎ፣ እንዲያም ሲል በግማሽ ኪሎ፣ ከባልትና ቤት ይገዛል። ባልትና የሚለው ቃል ራሱ የአንዲት ሴት የእጅ ሙያ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን የንግድ ዘርፍ ስም ሆኗል።

የክምችቱ ወጪ ታዲያ ከቤት ወጥቶ ወደ ባልትና ቤቱና ወደ ጅምላ ነጋዴው ተዛወረ። ኅዳር ላይ ገዝቶ ነሐሴ ላይ የሚሸጥ ነጋዴ ዘጠኝ ወር ገንዘቡን ያስራል፤ የዚህን ዋጋ ከሸማቹ መቀበሉ የሚያስወቅሰው አይደለም። የባንክ ብድር የሚከፍል ሁሉ ይህን ያደርጋል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ዘጠኝ ወር ያሰረውን ገንዘብ በሌላ መንገድ ለማስመለስ የሚሞክር ሲኖር ነው።

ከእነዚህ መንገዶች የመጀመሪያው ውሃ ነው። ሒሳቡን ማየት ይበቃል። በ10 ከመቶ እርጥበት የተቀመጠ 100 ኪሎ ዛላ በርበሬ 90 ኪሎው ደረቅ ነገር ነው። ውሃ ተርከፍክፎበት እርጥበቱ 15 ከመቶ ሲደርስ ሚዛኑ ወደ 105 ኪሎ ከ900 ግራም ይወጣል። በ50 ኩንታል ጭነት ላይ ሦስት ኩንታል የሚጠጋ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ይሸጣል። በርበሬ እንዳይሰባበር ጥቂት ማለስለስ የቆየ ልማድ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ልማዱ አለ፤ ሦስት ኩንታሉ ግን ከማለስለስ ያልፋል።

እርጥቡ በርበሬ መጋዘን ሲቆይ ሻጋታ ይይዛል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን የሚጎዳ፣ ለካንሰር የሚዳርግ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ባለው እሳት የሚጠፋ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬና በሌሎች የተወሰኑ ቅመሞች ላይ የፈቀደው ጣሪያ ለዋነኛው ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ለጠቅላላው 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ወግዲ ላይ ዛላ ነቅንቃ የምትገዛው ሴት ሻጋታውን ከፍላ ታየዋለች። ከተፈጨ በኋላ ግን ያንኑ ሻጋታ ለማግኘት ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ቀለም ነው። እዚህ አገር ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚለው ዜና ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የሸክላ ዱቄት የሚባለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ለገበያ ማቅረብ ይከለክላል። ይህ ግን የኢትዮጵያ ብቻ ችግር ነው ብሎ የሚያፍር ነጋዴ ካለ ይጽናና። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ሱዳን አንድ የሚባል ማቅለሚያ ከህንድ በመጣ በርበሬ ውስጥ ተገኘ። ማቅለሚያው ለሰምና ለጫማ ቀለም የሚውል ነው፤ ከጎረቤት አገር ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ወዲያውኑ ከማቅለሚያው ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ጠየቀ። ትዕዛዙ ያረፈው በተሰባበረና በተፈጨ በርበሬ ላይ እንጂ በዛላው ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ በተቀለመ የበርበሬ ዱቄት የተሠራ አንድ ስጎ ምክንያት ሆኖ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በሚመገቡት የፖም ንፁህ ውስጥ እርሳስ ሲገኝ፣ ምንጩ የተፈጨ ቀረፋ ሆነ። በሦስቱም ጊዜ ችግሩ የተገኘው በዱቄት ውስጥ ነው።

ወፍጮው አጠገብ የሚቆም ሰው

ከዚህ ተነስቶ ዱቄት አይሸጥ ማለት የዋህነት ነው። የከተማው ኑሮ ወደ ኋላ አይመለስም። ይልቅ ገበያው ራሱ ያበጀው አንድ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ባለ ሀብት ስለማያምርበት ብቻ ይንቀዋል። በየሰፈሩ ያለው ወፍጮ ቤት ጥሬውን በጆንያ ከፍቶ ያስቀምጣል፤ ገዢዋ ዛላውን ትመርጣለች፣ ኮረሪማውን ትሰብራለች፣ ታስመዝናለች፣ ከዚያ ወፍጮው አጠገብ ቆማ እያየች ታስፈጫለች። ልምድ ያላት ሴት ከእሷ በፊት የተፈጨው ቅሪት እንዳይቀላቀልባት የመጀመሪያውን እፍኝ ለብቻ ታወጣዋለች። ባለ ወፍጮው የእህሉንም የወፍጮውንም ዋጋ ያገኛል። የእምነት ክፍያ የሚባለው ግን እዚህ ላይ ይቀራል፤ ሸማቿ ራሷ አይታለችና።

የታሸገ በርበሬ ለመሸጥ የሚፈልግ ደግሞ የእምነቱን ክፍያ ሠርቶ ማግኘት አለበት። የምርቱን ቦታ፣ የተፈጨበትን ቀን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን መጻፍ ወጪ ነው። ውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ወጪ ሊከፍል የሚችል ገዢ ነው፤ እስካሁን ግን አብዛኛው ከሱቅ ይልቅ ከእናቱ ቤት በሻንጣ በሚመጣለት በርበሬ ያምናል። ይህ ለላኪዎች ጥሩ ዜና አይደለም። ሻንጣው የሚያሸንፈው በዋጋ ሳይሆን ማን እንዳዘጋጀው ስለሚታወቅ ነው።

ለመካነ ሰላምና ለወግዲ ነጋዴ ነገሩ ወዴት ያመራል? ደመቅ ያለ ማሸጊያ ያለው የቅመም ወፍጮ መትከል በስብሰባ ላይ ጥሩ ሆኖ ይሰማል። የአካባቢው ጥቅም ግን ያለው ወደ ወፍጮው ከመድረሱ በፊት ነው። አብሽና ድንብላል መሬት ላይ ተወቅቶ፣ አፈርና ጠጠር ተቀላቅሎበት ደሴ ሲደርስ ገዢው የሚቀንሰው ከጠጠሩ ክብደት በላይ ነው፤ ለማበጠሪያው ጉልበትም፣ ላላየው ጠጠርም ጭምር ይቀንሳል። የሸራ ምንጣፍ፣ ወንፊትና የታመነ ሚዛን ከወፍጮ ሞተር እጅግ ይረክሳሉ። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ሲጨመቅ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 ከመቶ የሚደርስ ዘይት ያለው ዘር ነው፤ በአረብ አገሮችም ገዢ አለው። ያን ገዢ የሚያገኘው ንፁሑን ዘር ያቀረበ ነው።

ጦስኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ደጋው ላይ ማንም ሳይዘራው ስለሚበቅል እንደ ነፃ ሀብት ይታያል፤ ለሻይ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ይውላል። የከተማ ፍላጎቱ በጨመረ ቁጥር ሰብሳቢው ቅጠሉን ከማጨድ ይልቅ ከነሥሩ እየነቀለ ያመጣል፤ እስር ቶሎ ይሞላለታላ። የነቀለው ቦታ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ጦስኝ አያገኝም። ጅምላ ተረካቢው ሥር ያለበትን እስር አልቀበልም ቢል ወይም ዋጋ ቢቀንስበት ነቀላው በአንድ ወቅት ውስጥ ይቀንስ ነበር፤ ሰብሳቢው የሚያመጣው የሚገዛለትን ነውና።

ወግዲ ጉልት ላይ በርበሬ በስፋት የሚገባው ኅዳር ሲጠባ ነው። ያን ጊዜ ዛላው በጆንያ ተራግፎ ሴቶቹ እየነቀነቁ ይመርጣሉ። ለበርበሬው ድብልቅ የሚሆነውን ኮረሪማ ግን አብዛኞቹ በዚያው ቀን አይገዙም። ለሳምንቱ ወጥ አምስት ፍሬ ቆጥረው ይወስዳሉ፤ የቀረውን በርበሬው ታፍኖ ወጥቶ ለወፍጮ ሲደርስ ተመልሰው መጥተው፣ አንዱን ሰብረው አይተው ይገዛሉ።